በሠላሳ ስምንት ዓመቴ አንደኛ ዓመት

ሚያዝያ 3

ቀኑን ሙሉ የበር ዝርዝር። ስልሳ ሁለት በር። ስፋት፣ ቁመት፣ ወደ የት እንደሚከፈት፣ የቁልፉ ዓይነት። የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው፣ ባለ አራት ፎቁ። አለቃዬ ጋሼ ነደፉት፣ እኔ ሣልኩት። አሥራ አራት ዓመት እንዲሁ ነው... እሳቸው በእርሳስ ይሞነጫጭራሉ፣ እኔ በኮምፒውተር አወጣዋለሁ፣ እሳቸው ይፈርማሉ።

ነገ ለዓይናቸው ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ይገባሉ። ኮታቸውን እየለበሱ "ሁለት ሳምንት ቢሮው ያንቺ ነው" አሉኝ።

"ከፊርማው በስተቀር!" አለች ጂኦግራፊ ከጥግ።

ሳቅን። ጂኦግራፊ የምንላት የመጀመሪያ ዲግሪዋ ጂኦግራፊ ስለሆነ ነው። ማስተርሷን በአርክቴክቸር ጨርሳ የሙያ ፈቃዷን እየጠበቀች ነው። ልጅት ምላሷ ስለት ነው።

ሚያዝያ 9

ሳይት ሄድኩ። የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ለመለካት ብቻ። ስመለስ በኋላው ደረጃ ወረድኩ። ከራሴ በላይ ለቢሙ አርማታ የታሰረው ሳንቃ ዝቅ ያለ መሰለኝ። ሜትሬን አወጣሁ። ከደረጃው እስከ ቢሙ፣ አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት። እንደገና ለካሁ። ያው ነው። እኔ የሣልኩት ሁለት ሜትር ከአሥር! ረዘም ያለ ተማሪ እየሮጠ ቢወርድ...

ፎርማኑን ጠራሁ። ፎርማኑ የሳይት መሐንዲሱን ጠራ።

"ነገ ጠዋት አርማታ ይሞላል። መኪናው ታዟል" አለኝ መሐንዲሱ።

"እንግዲያው ሳንቃው ዛሬ ከፍ ይበላ።"

"በማን ትእዛዝ?"

"በፕላኑ።"

"እህቴ፣ አንቺ አርክቴክት ነሽ?"

"ድራፍተር ነኝ። ፕላኑን የሣልኩት እኔ ነኝ።"

"የፈረመው ሰው ይምጣና ይንገረኝ።"

የፈረሙት ሰው ዓይናቸው ታሽጎ ተኝተዋል። ደወልኩ። ባለቤታቸው ናቸው ያነሱት፤ "ከቀዶ ጥገናው አሁን መውጣታቸው ነው፣ አላነቃቸውም" አሉኝ። እንዴትስ አንቂልኝ እላለሁ? ጂኦግራፊም ብትመጣ ፈቃዷ ገና ነው።

በወረቀት ጻፍኩት። ቀን፣ ሰዓት፣ ልኬት፣ ስሜ። ፎርማኑ አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሚያዝያ 10

ሞሉት።

ሚያዝያ 25

ጋሼ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ሳይት መጡ። ሜትሩን ያዝኩላቸው፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቀና ብለው ቢሙን አዩ። "ይፍረስ" አሉ።

በቃ። አንዲት ቃል! እኔ ገጽ ሙሉ ጽፌ...

ጃክሃመሩ ከሰዓት ጀመረ። ጆሮ ይበጥሳል። መሐንዲሱ ሻይ ይዞልኝ መጣ። "እህቴ፣ ልክ ነበርሽ። ግን እኔስ ምን ላድርግ? የፈቃድ ወረቀት ያለው ሰው ቢነግረኝ አቆም ነበር።"

ክፋት የለውም ሰውየው። እውነቱን ነው የነገረኝ። ያንገበገበኝም እውነትነቱ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወሰንኩ። አርክቴክት እሆናለሁ። እንዴት? በየት በኩል? እሱን ነገ።

ሚያዝያ 26

ለባሌ ነገርኩት። የሥራ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ሸሚዙን ደግሞ ሰው አያስነካም። ካውያውን አቆመ።

"ዩኒፎርም አለው?"

"ምኑ?"

"ትምህርቱ። ካለው ከአሁኑ ንገሪኝ፣ የሁለት ሰው አልተኩስም።"

ይኸው ነው። ሌላ ጥያቄ የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬ አሁንም ያስደንቀኛል።

ልጃችን ሚጡ ግን ከክፍሏ ብቅ አለች። "እማ፣ የምርሽን ነው? እኔ ዩኒቨርሲቲ በምገባበት ዓመት?" እሷ የእንስሳት ሕክምና ነው የምታመለክተው። ማመልከቻዋ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። "በቃ፣ ያንቺን እዚህ ጋ አድርጊ። የኔን ቅጽ እንዳትሞዪ ብቻ።"

ግንቦት 2

ጂኦግራፊን ምሳ ሰዓት ላይ ያዝኳት። ስስ የሥዕል ወረቀት ቀደደችና መስመር አሰመረች።

"ለፈቃዱ ማስተርስ ግድ ነው። የሙያው ማስተርስ። ጥያቄው ወደዚያ በየትኛው በር ትገቢያለሽ ነው። አንደኛው በር፣ የቀን ትምህርት፣ አራት ዓመት የአርክቴክቸር ዲግሪ፣ ከዚያ የሁለት ዓመት ማስተርስ። ሁለተኛው በር፣ የፈለግሽውን ዲግሪ ትይዣለሽ፣ ሒሳብም ይሁን ታሪክ፣ ከዚያ ማስተርሱ ሦስት ዓመት ተኩል ይሆናል። እኔ በዚያ ነው የገባሁት።"

"ትቆጪያለሽ?"

"ኧረ በጭራሽ! ጂኦግራፊ ባላጠና ዝናብ ከኮረብታ ወርዶ የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ጋሼ ራሳቸው ይጠይቁኛል። ግን የመጀመሪያውን ዓመት ስቱዲዮ፣ የንድፍ ክፍሉን፣ አልቅሼ ነው ያለፍኩት። ሰው ሁሉ ሲሥል እኔ መስመር ማስመር አልችልም። ያንቺ እጅ ይችላል። አንቺን የሚያስለቅስሽ ሌላ ነገር ይሆናል።"

"ምን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ስትደርሺ ታገኚዋለሽ።" ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ። "ብቻ የዲግሪው ስም አያታልልሽ። ማስተርሱን የሚሰጡትን ሰዎች ሄደሽ ጠይቂ።"

ግንቦት 6

ጋሼ ሰምተዋል። ማን ነገራቸው? ምላሷ ስለት የሆነችው፣ ሌላ ማን ይሆናል። ቢሯቸው ጠሩኝ። ብሮሹር አዘጋጅተው ጠበቁኝ። የማታ ዲግሪ፣ የውስጥ ንድፍ፣ አራት ዓመት። ኮሌጁ ከቢሮው ሁለት ፌርማታ። ክፍያው በቢሮው።

"ከሥራሽ ሳትነቃነቂ" አሉ። "እዚህ ጋ አንብቢው፣ ወደ አርክቴክቸር ማስተርስ መሸጋገሪያ ይላል።"

ይላል እውነት። በደማቅ ቀለም።

እንዴት ያለ ምቾት ነው! ወንበሬ ወንበሬ ነው፣ ደመወዜ ደመወዜ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ እማራለሁ። አመስግኜ ወጣሁ። ልቤ ግን ለምን ዝም አለ? ሲሰጡኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር...

ግንቦት 13

ፈቃድ ወስጄ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ። ኮሪደሩ ላይ በካርቶን የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ዘሟል፣ አንዱን ሰው ረግጦታል። ሽታው ሙጫ ሙጫ ይላል። ቀስ ብዬ ነው ያለፍኩት።

አማካሪዋ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። እርስዎ ትለኛለች። ብሮሹሩን ሰጠኋት። አነበበች፣ ገለበጠች፣ እንደገና አነበበች።

"መሸጋገሪያ መሆኑ ውሸት አይደለም" አለች። "ግን በሁለት ዓመቱ ማስተርስ አያስገባዎትም። የሚያስገባው በሦስት ዓመት ተኩሉ ነው። እኛ ጋ የውስጥ ንድፍ እንደ ማንኛውም ሌላ ዲግሪ ነው የሚቆጠረው።"

"አራት እና ሦስት ተኩል..."

"ሰባት ዓመት ተኩል።"

"ይህን በጽሑፍ ይሰጡኛል?"

ሳቀች። "እንደርስዎ የሚጠይቅ ቢበዛ ኖሮ በየዓመቱ እዚህ ወንበር ላይ ሰው አያለቅስም ነበር።" ጻፈች፣ ማኅተም መታችበት።

ከዚያ ጥሩውን ነገረችኝ። የድራፍቲንግ ዲፕሎማና ልምድ ስላለኝ፣ ፖርትፎሊዮዬ፣ የሥራዬ ስብስብ፣ ካለፈ፣ የአራት ዓመቱን ዲግሪ ከሁለተኛ ዓመት ልጀምር እችላለሁ። ሦስት እና ሁለት፣ አምስት ዓመት!

"ሥዕልማ ሞልቶኛል" አልኳት። "የሁለት መቶ ሕንፃ ሥዕል ላመጣልዎት እችላለሁ።"

"የነደፋቸው ማን ነው?"

"አለቃዬ" አልኩ።

"አንድ ብቻ ይበቃል" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የራስዎ የሆነ። እስከ ሰኔ አሥራ ስምንት።"

ግንቦት 14

የድሮ ወረቀቶቼን ሁሉ ገለባበጥኩ። የራሴ ንድፍ የተባለ፦ ከሚጡ አልጋ ራስጌ ያለው መደርደሪያ። እሱም ከተሰቀለ ጀምሮ ወደ ግራ ያዘነብላል።

ግንቦት 20

ለጋሼ ነገርኳቸው። የማታውን እንደማልፈልግ፣ ቀን መማር እንደምፈልግ፣ ጠዋት ጠዋት ክፍል ገብቼ ከሰዓት መሥራት እንደምችል።

ወደ ኋላ ተደገፉ። "እኔ ጋ ምን ጎደለሽ?"

"ፊርማ፣ ጋሼ።"

የአማካሪዋን ደብዳቤ ፊታቸው አስቀመጥኩ። በአዲሱ ዓይናቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ብሮሹሩን እንዲህ አላየሁትም ነበር" አሉ። ከዚያ ደግሞ "እኔ የሙሉ ቀን ሰው ነው የምፈልገው" ብለው ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

ከቢሮው ወጣሁ።

ግንቦት 21

ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ በእጅ የተጻፈ የሥራ ሰዓት ሰንጠረዥ። የኔ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከሰዓት ብቻ።

ቀና ስል ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል። "የበር ዝርዝሩ ግን ያንቺው ነው" አሉኝ።

"መቼ ሌላ ሰው ነክቶት ያውቃል?"

ሰኔ 1

ምን ልንደፍ? ሙዚየም? ቤተ መጻሕፍት? ሳምንት ሙሉ ባዶ ወረቀት ላይ አፈጠጥኩ። ዛሬ ለባሌ የረሳውን መነጽር ላደርስ ዴፖ ሄድኩ። ሾፌሮቹ በፈረቃ መሃል የሚያርፉበት ክፍል ውስጥ አገኘሁት።

ክፍሉ! አምስት በስድስት ተኩል። አንድ መስኮት አለ፣ እሱንም የልብስ ሳጥኖች ጋርደውታል። አግዳሚው ፊቱን ወደ ግድግዳ ነው። ሰባት ሾፌር ተቀምጧል፣ ሰባቱም አንገቱን ጠምዝዞ በሩን ያያል።

"ምንድን ነው የምታዩት?" አልኳቸው።

"አውቶቡሳችንን" አሉ ያለ አንድ ልዩነት።

"ሄዶ እንዳይጠፋ?"

"ተራችን ሲደርስ ከግቢው በእጅ ምልክት ነው የሚጠሩን" አለ አንድ ሽበታም። "ካላየን ተራ ያልፈናል። እኔ እዚህ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ አርፌ አላውቅም።"

ሜትሬን አወጣሁ።

ሰኔ 9

በየቀኑ እየሄድኩ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ጫማውን የት እንደሚያወልቅ፣ ፀሐይ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትገባ ጻፍኩ። ሥዕሉ ላይ ሳጥኖቹን በሰሜን በኩል መስኮት ወደሌለው ግድግዳ ወሰድኳቸው። መስኮቱ ተለቀቀ። ሁለት አግዳሚ፣ ኋለኛው በሁለት ደረጃ ከፍ ያለ፣ ሁሉም ግቢውን እንዲያይ። የበሩ ንፋስ እንዳይመታቸው አጠር ያለ ግድግዳ።

ሚጡ ሥዕሉን አይታ "እማ፣ ሲኒማ ቤት ነው እንዴ?" አለችኝ። ተናደድኩ። ማታውን አሰብኩበትና... ልክ ናት። ሰው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ እንዴት ያወራል? ዛሬ የፊተኛውን አግዳሚ ሰበር አደረግኩት፣ እርስ በርስ ለመተያየት ያህል። ባሌ አውራ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳረፈ። "እዚህ ጋ እኔ ነኝ" አለ። ቦታውን መርጦ ያዘ ማለት ነው።

ሰኔ 18

የዩኒቨርሲቲው ገምጋሚዎች ሦስት ሆነው ተቀበሉኝ። መሃል የተቀመጠችው አጭር ጸጉር ያላት መምህርት ናት ብዙውን የጠየቀችኝ።

"ይህን እንዲሠሩ ማን አዘዘዎት?"

"ማንም።"

"መስኮቱን ለምን አላሰፉትም?"

"ግድግዳው ጣሪያውን ተሸክሟል። ደግሞም መስኮቱ አላነሰም፣ ሳጥን ነው የጋረደው።"

ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ፈገግ አለ። እሷ አላለችም። "ይህ ሁሉ ልኬት፣ ይህ ሁሉ ብሎን... ሥዕሉ በጣም ያለቀ ነው" አለች። ምስጋና ነው ስድብ? አሁንም አልገባኝም። ብቻ ቀጥ ብዬ ነው የወጣሁት።

ሐምሌ 4

ደብዳቤው መጣ። ተቀብለውኛል!

ግን ለአንደኛ ዓመት። ሁለተኛ አይደለም። ከሦስት ኮርስ ነፃ ነኝ፣ ስቱዲዮውን ግን ከሥሩ እጀምራለሁ። "አመልካቿ የመሣል ችሎታ በሚገባ አላት፤ የመንደፍ ልምዷን ከመጀመሪያው ብትገነባ እንመክራለን።"

አራት እና ሁለት። ስድስት ዓመት። አርባ አራት ዓመቴ ላይ።

የማታው ኮሌጅ ምዝገባ እስከ ዓርብ ክፍት ነው። የጋሼ ቃልም እንዳለ ነው... ሙሉ ደመወዝ፣ የለመድኩት ወንበር።

ሐምሌ 5

ለባሌ ነገርኩት። የአውቶቡሱን መስተዋት ሲወለውል ነው ያገኘሁት።

"ስድስት ዓመት ነው" አልኩት። "አምስት አይደለም።"

"እኔ አንድ መስመር ላይ ሃያ ዓመት ተመላልሻለሁ" አለ። "ያውም በየቀኑ ወደ ተነሳሁበት ነው የምመለሰው። አንቺ ቢያንስ ተመልሰሽ አትመጪም።"

"ደመወዜ ግማሽ ይሆናል።"

"ዩኒፎርም የለውም አይደል? እንችላለን።"

ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የተናደድኩበትን መስመር። የመንደፍ ልምዷን ከመጀመሪያው... እውነት ነው? እውነት ነው። አሥራ አራት ዓመት የሌላ ሰው ሐሳብ አሳምሬያለሁ፣ የኔን አንድ ክፍል ደግሞ በሦስት ሳምንት። ሁለተኛ ዓመት ቢያስገቡኝ በእጄ ቅልጥፍና እየተሸፈንኩ አልፌ፣ ማስተርሱ ላይ ስደርስ ነበር የምጋለጠው። እዚህ ይሻላል።

ፈረምኩ። ወረቀቱን ራሴ ሄጄ ለአማካሪዋ ሰጠኋት።

ነሐሴ 19

ሚጡም አለፈች! የእንስሳት ሕክምና። ጎረቤት ሁሉ ሰማ፣ ጩኸቷ ነው ያሰማው። ከዚያ ዞር ብላ "የተማሪ መታወቂያ ፎቶ አብረን እንነሳ?" አለችኝ። ተነሳን። እሷ አምራለች። እኔ የሆነ ነገር የተሰረቀብኝ ሴትዮ እመስላለሁ።

መስከረም 22

መጀመሪያ ቀን። አርባ አንድ ተማሪ። ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ፤ መምህርት መስያቸው። "ተቀመጡ፣ እኔም ተማሪ ነኝ" አልኩና ከኋላ ጥግ ያዝኩ። እትዬ ይሉኛል። ማስመሪያቸውን፣ ሙጫቸውን፣ ምስጢራቸውን ሁሉ እኔ ጋ ያስቀምጣሉ።

የስቱዲዮ መምህርታችን ያቺው አጭር ጸጉር ያላት ናት። የመጀመሪያ ሥራችን የሰዓት ጠጋኝ ሱቅ። አራት በአምስት፣ የማዕዘን ቦታ። የመጀመሪያው ንድፍ በሁለት ሳምንት፣ የመጨረሻው ግምገማ ኅዳር ላይ።

ሁለት ሳምንት? በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ።

ጥቅምት 8

ጨረስኩት በሁለት ቀን። ዛሬ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። የልጆቹ ሥራ ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ እርሳስ በእርሳስ ላይ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ አንዷማ ጣሪያውን ረስታዋለች። የኔ ጽድት ያለ። ፕላን፣ ከጎን የተቆረጠ ሥዕል፣ የመስታወቱ ውፍረት ሳይቀር።

መምህርቷ በያንዳንዱ ልጅ ሥራ ፊት አሥር ደቂቃ ቆመች። እኔ ጋ ስትደርስ አንድ ደቂቃ።

"ይህ ነገ ሊሠራ ይችላል" አለች። "የቱ ጋ ነው ያመነቱት?"

"አላመነታሁም።"

"እኔም ያየሁት እሱን ነው።" ወደ ቀጣዩ አለፈች።

ጣሪያ ከረሳችው ልጅ ጋ ግን ሦስት ሌላ መምህር ተሰብስቦ ይከራከራል። ጣሪያ በሌለው ቤት!

ጥቅምት 9

ጂኦግራፊ ትዝ አለችኝ። አንቺን የሚያስለቅስሽ ሌላ ነገር ይሆናል ብላኝ ነበር። ደረስኩበት። አላለቀስኩም ግን። የሰዓት ጠጋኙ ጋ ሄድኩ፤ እውነተኛው ጋ፣ ገበያው ጀርባ ያለው። ሥዕሉን ከመሣሌ በፊት መሄድ ነበረብኝ። ዴፖ ሄጄ አልነበር? ምን አስረሳኝ? ክፍል ውስጥ ብልጥ ልታይ ስል።

ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሰውየው ብርሃኑን ያጣል፣ ምክንያቱም ደንበኛው መስኮቱ ላይ ይቆማል። ደንበኛው ደግሞ የሚቆመው እጁን ለማየት ነው። ሰዓቱን የሰጠ ሰው ዓይኑን አይነቅልም። እና የቱ ይቅደም? ብርሃን ወይስ ዓይን?

ወደ ቤት ስመለስ ካርቶን ገዛሁ።

ጥቅምት 24

መምህርቷን "አንቺ ይበሉኝ" አልኳት። "እርስዎ ሲሉኝ ይራሩልኛል።"

"አንቺም እኔን አንቺ ካልሽኝ" አለች። አንደበቴ እምቢ አለ። እየተለማመድኩ ነው።

የድሮውን ሥዕል ቀድጄ ጣልኩት። ስድስት ካርቶን ሱቅ ሠርቻለሁ፣ አምስቱ አይረቡም። ጣቴ በሙጫ ተላልጧል። ሚጡ ዓይታኝ "ቀኑን ሙሉ ላም ጋ የዋልኩት እኔ ነኝ፣ የተጎዳሽው ግን አንቺ ነሽ" አለችኝ።

ኅዳር 6

የመጨረሻው ግምገማ። ወረቀቴን ለጠፍኩ። በእርሳስ ነው፤ የተደመሰሰው ሳይቀር ይታያል። የሰውየውን ጠረጴዛ ወደ መሃል አምጥቼዋለሁ፣ ብርሃኑ ከላይ ይወርድለታል። ደንበኛው በጎን ይቆማል፣ እጁንም ያያል። የመንገዱ ማዕዘን ጋ ግን ባዶ ነው። ምንም አልሣልኩበትም።

መምህርቷ ባዶው ላይ ጣቷን አሳረፈች። "እዚህስ?"

"አላውቅም" አልኩ።

ልጆቹ ዞር ብለው አዩኝ። እኔም ራሴን ሰማሁት። ሥዕል ፊት ቆሜ ይህን ቃል ስል የመጀመሪያዬ ነው። ቢሮ ቢሆን ጋሼን ጠብቄ እሳቸው ያሉኝን እሥል ነበር።

"ምኑን ነው የማታውቂው?" አለችኝ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ነገርኳት። በሩን ማዕዘኑ ላይ ባደርገው መንገደኛ ሁሉ ዝናብ ሲመጣ ተጠግቶ ብርሃኑን ይዘጋል። ግድግዳ ባደርገው ሰውየው መንገዱን አያይም፣ ቀኑን ሙሉ ሰዓት ብቻ እያየ ይውላል። ሌሎቹ መምህራን ተጠጉ። ልጆቹም ተጠጉ። አንዱ መስታወት አለ፣ አንዱ አግዳሚ አለ፣ ሁለቱ ተጣሉ። እኔም ተከራከርኩ። ሰዓቱን አላየሁም።

ያቺ ጣሪያ የረሳችው ልጅ፣ የሚጡ እኩያ፣ ከሰው መሃል እጇን ዘርግታ እርሳሷን ሰጠችኝ። እትዬ አላለችኝም።

"በይ እንጂ፣ ሞክሪው" አለች።

ተቀብዬ ማዕዘኑ ላይ ማስመር ጀመርኩ።